ቲ ሬክስን ወንፊት ላደረገው ጽሑፍ

ሰሞኑን ስለ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች አጥንት የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ። የትልልቆቹ አዳኞች የራስ ቅል በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳም የአዳኞች ብቻ ነው ይላል። ቀዳዳዎቹ የተፈጠሩት ክብደት ለመቀነስ ነው ይላል። የዓይናቸው ጉድጓድ ግዙፍ ስለሆነ ዓይናቸውም ግዙፍ ነበር፣ የአናታቸው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር በመንጋጋ ጡንቻ የተሞላ ነበር፣ በአፋቸው ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከንፈር እንዳልነበራቸው አረጋግጠዋል፣ አጥንታቸው ውስጡ ባዶ ስለነበር ደካማ ነበሩ ይላል። ቲ ሬክስ ከሚባሉት ግዙፍ ሥጋ በሎች አንዷ በሆነችው በታዋቂዋ ሱ መንጋጋ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሌላ ቲ ሬክስ ንክሻ ናቸው ይላል። መዝጊያው ላይ ደግሞ በአገራችንም እንዲህ ያሉ የራስ ቅሎች እንደተገኙ ይጠቅሳል።

ጽሑፉ ሲነበብ ደስ ይላል። አጻጻፉ ይፈሳል። በአማርኛ ስለ ዳይኖሰር አጥንት ይህን ያህል የሚደክም ሰውም ብዙ የለንም። ግን ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ወይ ስህተት ናቸው ወይ ግማሽ እውነት። የስህተቶቹ ሁሉ ምንጭ ደግሞ አንድ ነው። ጸሐፊው አጥንት ላይ ያዩትን ክፍተት ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተውታል። አንድ ክፍተት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው በውስጡ ምን ነበር የሚለው ነው። አየር ነው? የደም ሥር ነው? ነርቭ ነው? ጡንቻ ነው? ወይስ የቁስል ጠባሳ? መልሱን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የቀዳዳው ጠርዝ ነው፤ ለስላሳ ነው ወይ ሻካራ፣ ቦይ አለው ወይ የለውም፣ አጥንቱ ወደ ውስጥ ተሰብሯል ወይስ ዙሪያውን አድጓል። ከዚያ በሕይወት ካሉት ዘመዶች፣ ከአዞና ከወፍ ጋር ይመሳከራል። ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ ላይ አላደረገም። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቀላሉ ልጀምር። ክፍተት የአዳኞች ብቻ አይደለም። ከዓይን ጀርባ ያሉት መስኮቶች፣ አንዱ በጎን አንዱ በአናት፣ አዞም ወፍም ዳይኖሰርም ከጋራ ቅድመ አያት የወረሷቸው ናቸው። ቅጠል በሎቹም አላቸው። በአፍንጫና በዓይን መካከል ያለው ሌላው መስኮት ሥጋ ቀምሶ በማያውቀው በዲፕሎዶከስ ራስ ላይ በግልጽ ይታያል። ቶሮሶረስ የሚባለው ባለ ቀንዱ ተክል በል ከአንገቱ በላይ በተዘረጋው አጥንት ላይ ሁለት ሰፋፊ ክፍተቶች ነበሩት፤ ዘመዱ የትራይሴራቶፕስ ግን ድፍን ነው። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት የዳሌ ጉድጓድም ከጥቂቶች በቀር በዳይኖሰሮች ሁሉ ወለሉ ክፍት ነው። እኛስ? በዓይናችሁና በጆሯችሁ መካከል ጣታችሁን አስቀምጡና ጥርሳችሁን ንከሱ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀሰው ጡንቻ የሚያልፍበት ክፍተት ከጥንት ቅድመ አያቶቻችን የወረስነው የራስ ቅል መስኮት ነው። ማናችንም ቲ ሬክስ አይደለንም።

ወደ ክብደቱ ልሂድ። የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አደርገዋለሁ።

በአፍንጫና በዓይን መካከል ስላለው ትልቁ መስኮት ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ነበር። ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕጢ ነበረበት ያሉ አሉ። ጡንቻ ነበረበት ያሉም አሉ። የአየር ከረጢት ነው ያሉም ነበሩ። የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲው ላሪ ዊትመር በ1997 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ሦስቱንም አንድ በአንድ መረመራቸው። አካሄዱ ቀላልና ብልህ ነው። አዞና ወፍ ዳይኖሰሮችን ከግራና ከቀኝ የሚያቅፉ ሕያው ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ በአዞና በወፍ ራስ ውስጥ ዕጢ አጥንት ላይ ምን ምልክት ይተዋል፣ ጡንቻስ፣ አየርስ ብሎ መዘገበ። ከዚያ ያንኑ ምልክት በቅሪተ አካሉ ላይ ፈለገ። ያገኘው የአየርን አሻራ ነው። ከአፍንጫው ቧንቧ የሚነሳ የአየር ከረጢት መስኮቱን ሞልቶ፣ ዙሪያውን ያለውን አጥንት እየሰረሰረ ክፍል ክፍል አድርጎታል። ሳይነስ የሚያስቸግረው ሰው የዚህን ነገር ታናሽ ወንድም ፊቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ክብደት ለመቀነስ ነው? እስቲ ጥያቄውን እንገልብጠው። ዩፓርኬሪያ የሚባል እንስሳ ነበር። ከ240 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ ይኖር ነበር፤ የዳይኖሰርና የአዞ የጋራ ቅድመ አያት የቅርብ ዘመድ ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጭንቅላቱ ምን ከብዶት ነው አጥንቱ የሚቀነስለት? መስኮቱ ግን አለ። በተቃራኒው የአዞ ዘሮች ከጊዜ በኋላ ይህን መስኮት ዘግተውታል። በሰሜን አሜሪካ የቲ ሬክስ ቀደምት ዘመዶች በነበሩበት ዘመን የኖረው ግዙፉ የአዞ ዘመድ ዳይኖሱከስ ጭንቅላቱ ከሜትር በላይ ሆኖ ሳለ መስኮቱ የለውም። አዞን ውኃ ስለሚሸከመው ነው የሚል ካለ ያስኬዳል፤ የዩፓርኬሪያን ነገር ግን አይፈታም። መስኮቱ ከግዝፈቱ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ይቀድማል። ለግዝፈት የተሠራ ነው ማለት አይቻልም።

የዊትመር ማብራሪያ ሌላ ነው። የአየር ከረጢት ባገኘበት አቅጣጫ ሁሉ ይስፋፋል። አጥንት የሚተርፈው ጫና የሚሸከምበት ቦታ ላይ ነው፤ ሥራ የሌለው አጥንት ይበላል። የሚቀረው እንደ ማገርና እንደ ምሰሶ የቆመው ክፍል ነው። በዚህ መንገድ ጭንቅላቱ ይቀላል፤ ይህን አልክድም። ዊትመርና ራያን ሪጅሊ በ2008 በሲቲ ስካን ተመርኩዘው ሲያሰሉ ሥጋ የለበሰው የቲ ሬክስ ጭንቅላት ወደ 500 ኪሎ ግራም ነው የሚመዝነው፤ አየሩ ባይኖር ደግሞ በደንብ ይከብድ ነበር። ለትልቅ አዳኝ ይህ ትርፍ ነው። ትርፍ መሆኑና መነሻ ምክንያት መሆኑ ግን ይለያያል። ጸሐፊው ሁለቱን ደባልቀዋቸዋል።

ዓይኑ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም መልሱ ቁልጭ ያለ ነው። የቲ ሬክስ የዓይን ጉድጓድ ክብ አይደለም። የድሮ ቁልፍ ቀዳዳ ነው የሚመስለው፤ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች የሚጠብ። ዓይኑ የተቀመጠው ከላይ ባለው ሰፊ ክፍል ብቻ ነው። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ስቴፋን ላውተንሽላገር በ2022 ያሳተመው ጥናት እንዲህ ያለው ቅርጽ በተለይ የራስ ቅላቸው ከአንድ ሜትር በሚበልጥ ሥጋ በሎች ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። ተክል በሎቹ አብዛኞቹ ክብ ናቸው። የእነዚያው አዳኞች ግልገሎችም ክብ ነው ያላቸው። በኮምፒውተር ሞዴል ሲፈተሽ ክቡ ጉድጓድ በንክሻ ጊዜ አጥንቱን የበለጠ ያስጨንቀዋል፤ የቁልፍ ቀዳዳው ቅርጽ ጫናውን ይበትነዋል። እንግዲህ አዳኙ እያደገ፣ ንክሻውም እየከበደ ሲሄድ ለዓይን የሚተርፈው ቦታ ከራስ ቅሉ አንጻር አነሰ ማለት ነው። ጽሑፉ ካለው ጋር ፊትና ጀርባ ነው። ዓይኑ በራሱ ትንሽ ነበር እያልኩ አይደለም። የጉድጓዱን ቁመት ለክቶ ይህ የዓይኑ መጠን ነው ማለት ነው የማያስኬደው።

የአናቱ ክፍተት ላይ ጸሐፊው የተሳሳቱት ከብዙ ሰው ጋር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መጻሕፍቱ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ በራስ ቅሉ ጣሪያ ላይ ያሉት ሁለት ሰፋፊ ጉድጓዶች በመንጋጋ ጡንቻ የተሞሉ ናቸው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲው ኬሲ ሆሊዴይ ግን አንድ ነገር አልዋጥለት አለ። ጡንቻው ከመንጋጋ ወደ ላይ ይወጣል። ጉድጓዱን በሙሉ ይሞላል ከተባለ እዚያ ሲደርስ በቀጥታ ማዕዘን ታጥፎ በጣሪያው ላይ ወደ ፊት መተኛት አለበት። የሚጎትት ጡንቻ እንዲህ መታጠፉ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞም የጉድጓዱ የፊት ክፍል ለስላሳ ነው፤ ጡንቻ የተጣበቀበት ቦታ የሚተወው ምልክት አይታይበትም።

ሆሊዴይ፣ ዊትመርና ባልደረቦቻቸው ታዲያ ፍሎሪዳ ሄዱ፤ ሴንት ኦገስቲን ወዳለው የአሊጌተር ማቆያ። አሊጌተሮቹን በሙቀት ካሜራ አዩአቸው። አየሩ ሲቀዘቅዝ በአናታቸው ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በካሜራው ላይ እንደ ፍም ደምቀው ይታያሉ። ሙቀት ሲሆን ደግሞ ይጠፋሉ፤ ከቀረው አካል ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናሉ። እዚያ ያሉት የደም ሥሮች እንስሳው ሲበርደው ሙቀት እየሰበሰቡ፣ ሲሞቀው ደግሞ ሥራቸውን እየቀነሱ የሚሠሩ ይመስላል። የቲ ሬክስ የፊት ጉድጓድም በተመሳሳይ የደም ሥር መረብና ስብ የያዘ ነበር ብለው በ2019 አሳተሙ።

ዜናው ሲሰራጭ ቲ ሬክስ ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሲ ነበረው ተባለ። ይህም ተጋኗል። ጥናቱ ጡንቻ የለም አላለም፤ የክፍተቱ የኋላ ክፍል አሁንም የጡንቻ ነው። የተለወጠው የፊተኛው ክፍል ነው። የቲ ሬክስን ሙቀት ደግሞ የለካ ሰው የለም፤ የተለካው የአሊጌተር ነው። እንደዚያም ሆኖ በጡንቻ የተሞላ ነበር የሚለው አገላለጽ ዛሬ ላይ ያረጀ ነው። የንክሻ ኃይልን ከዚህ ጉድጓድ ስፋት ብቻ ለማስላት የሞከረው የጽሑፉ ክፍልም አብሮ ይወድቃል።

ከንፈርን በተመለከተ ጽሑፉ ተረጋግጧል ማለቱ ነው ያስገረመኝ። እኔ እስከማውቀው በዚህ ዘርፍ ከዚህ የበለጠ የጦፈ ክርክር የለም። ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ነርቭና የደም ሥር ወደ ፊት ቆዳና ድድ የሚወጡባቸው ናቸው፤ እዚህ ላይ ስምምነት አለ። ቶማስ ካርና ባልደረቦቹ በ2017 ዳስፕሌቶሶረስ ሆርነሪ የተባለውን የቲ ሬክስ ዘመድ ሲገልጹ ፊቱ እንደ አዞ ጠፍጣፋ ቅርፊት የለበሰና ንክኪ በደንብ የሚሰማው ነበር ብለው ነበር። ጸሐፊው የያዙት ይህንን ነው፤ ያለ መሠረት አልተናገሩም። ግን በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ቶማስ ከለን፣ ሮበርት ሬይዝና ሌሎችም ተቃራኒውን ይዘው መጡ። አዞ ፊቱ ላይ ብዙ መቶ ቀዳዳ በየቦታው ተበትኖበታል። የሥጋ በል ዳይኖሰሮች ግን ቁጥራቸው ያነሰና ከጥርሱ በላይ በመስመር የተደረደሩ ናቸው። ይህ የእንሽላሊት አሠራር ነው፤ እንሽላሊት ደግሞ ከንፈር አለው። አርጃኖን ያየ ሰው ያውቃል፤ አፉን ሲዘጋ አንድም ጥርስ አይታይም። በዚያ ላይ የጥርሱ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የውጭ ሽፋኑ፣ አለ። ከአፉ ውጭ ተጋልጦ የሚኖረው የአዞ ጥርስ በውጭው በኩል ይፈገፈጋል። የፈተሹት የዳስፕሌቶሶረስ ጥርስ ግን በዚያ በኩል ደህና ነው። እኔ ሚዛኑ ወደ ከንፈሩ ያደላል ባይ ነኝ። ያም ሆነ ይህ፣ ቀዳዳዎቹ ከንፈር አለመኖሩን አረጋግጠዋል የሚል ሰው የክርክሩን ግማሽ ብቻ ነው ያነበበው።

ባዶ አጥንት ደካማ ነው የሚለው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አዳቅሏል። በአከርካሪው ጎን ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች ከሳንባ የተነሱ የአየር ከረጢቶች የገቡባቸው በሮች ናቸው። ዛሬ እንዲህ የሚያደርጉት ወፎች ናቸው። ፓትሪክ ኦኮነርና ሊዮን ክላሰንስ በ2005 የማዳጋስካሩን ሥጋ በል ዳይኖሰር የማጁንጋሶረስን አከርካሪ መርምረው አተነፋፈሱ ወደ ወፍ የሚቀርብ እንደነበር አሳዩ። በ2008 ደግሞ ፖል ሴሬኖና ባልደረቦቹ ከአርጀንቲና ሜንዶዛ ግዛት የተገኘውን ሥጋ በል ዳይኖሰር ኤሮስቲዮንን ገለጹ፤ እሱ ጭራሽ የዳሌ አጥንቱ ሳይቀር በአየር የተቦረቦረ ነው። ይህ የድካም ምልክት አይደለም። ሱ ብቻዋን 8 ቶን ገደማ ትመዝን እንደነበር ይገመታል። የቲ ሬክስ ንክሻ ወደ 34 ሺህ 500 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ሊደርስ እንደሚችል በ2017 የወጣ ስሌት አለ። ይህን የሚያህል ጫና የሚሸከም አጥንት ደካማ ከተባለ ጠንካራው የቱ ነው?

የጭን አጥንት ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ግን ሌላ ናት። እሷ አጥንቱን የሚመግበው የደም ሥር የሚገባባት ናት። ጽሑፉ አልፏታል፤ እኔ ብሆን ጽሑፉን የምጀምረው በሷ ነበር። የአደሌድ ዩኒቨርሲቲው ሮጀር ሲሞርና ባልደረቦቹ በ2012 ይህችን ቀዳዳ ለኩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ብዙ የሚሮጥ እንስሳ አጥንቱ በየጊዜው በጥቃቅኑ ይሰነጣጠቃል፤ ለጥገናው ብዙ ደም ያስፈልገዋል፤ ብዙ ደም ሰፊ በር ይፈልጋል። ከሰውነት መጠን ጋር ተመዛዝኖ ሲሰላ አጥቢ እንስሳት ከአብዛኞቹ ተሳቢዎች አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ከተሳቢዎቹ መካከል አጥቢዎቹን የሚጠጋው ያው ቅድም ያነሳሁት ፈጣኑ አርጃኖ ነው። ዳይኖሰሮቹስ? አጥቢዎቹን ጭምር በለጡ። ከአንዲት የሚጢጢ ቀዳዳ ስፋት ተነስቶ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ ፍጥረት ምን ያህል ይንቀሳቀስ እንደነበር መገመት መቻሉ አሁንም ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ቲ ሬክሷ ሱ። (ሴት ትሁን ወንድ አይታወቅም፤ ስሙ በ1990 ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ያገኘቻት የሱ ሄንድሪክሰን ነው።) በ1997 በጨረታ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጣ ዛሬ ያለችው ቺካጎ በሚገኘው ፊልድ ሙዚየም ነው። በታችኛው መንጋጋዋ የኋላ ክፍል ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከጎብኚ ዓይን አያመልጡም። የንክሻው መላምት ቀድሞ የነበረ ነው። ግን ንክሻ የራሱ መልክ አለው። በኢሊኖይ ሮክፎርድ ያለችው ጄን የተባለችው ወጣት ቲራኖሶር (የቲ ሬክስ ወገን ናት) አፍንጫዋ ላይ በእኩያዋ የተነከሰች ናት፤ ቀዳዳዎቹ የጥርስ ቅርጽና አሰላለፍ ይዘው ድነዋል። በቲ ሬክስ የተነከሰ የትራይሴራቶፕስ ዳሌ ላይም ጥርሱ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ የገባበት ጥልቅ ምልክት አለ፤ የንክሻውን ኃይል መጀመሪያ ያሰሉት ከዚያ ነው። በሱ መንጋጋ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ጠርዛቸው ለስላሳ ነው፤ ዙሪያቸውም የመፋቅና የመሰባበር ምልክት የለም።

በ2009 ዩዋን ዎልፍ፣ ጃክ ሆርነርና ባልደረቦቻቸው ይህ ትሪኮሞኖሲስ ነው አሉ፤ ዛሬም እርግብንና ጭልፊትን አፍና ጉሮሯቸውን የሚያቆስል ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሱ ምናልባት መዋጥ አቅቷት በረሃብ ሞታ ይሆናል እስከማለትም ደረሱ። ይህኛው ማብራሪያ ለብዙ ዓመታት እንደ ደህና መልስ ተወስዶ ነበር። ከዚያ በ2022 ብሩስ ሮትሺልድ፣ ጂንግማይ ኦኮነርና አንድ ባልደረባቸው መልሰው አዩት። በሽታው ጉሮሮ አካባቢ የሚነሳ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ያሉት ግን በመንጋጋው የኋላ ክፍል ነው፤ አይገጥምም አሉ። በጠርዞቹ ላይ ያዩት አዲስ የበቀለ አጥንት ነው። በጥንታዊት ፔሩ በሕይወት እያሉ የራስ ቅላቸው ተበስቶ የዳኑ ሰዎች አጥንት ላይ ከሚታየው ጋር አነጻጸሩት፤ ይመሳሰላል። ስለዚህ የሆነ ነገር ሱን አቁስሏታል፤ እሷም ድናለች። ያ ነገር ምን እንደሆነ ጥናቱ አልወሰነም። ንክሻም ጥገኛ ተሕዋስም ለየራሳቸው ቀርበው ተፈትሸዋል፤ ሁለቱም አላለፉም። ጽሑፉ ግን የመጀመሪያውንና በጣም የቆየውን መልስ አንስቶ ያለቀለት ነገር አድርጎታል።

የቀረው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት፤ የአገራችን የራስ ቅል። በአገራችን ሙገር በሚል ስም ከሚታወቀው የጁራሲክ ዘመን መጨረሻ የድንጋይ ንጣፍ የሥጋ በልም የተክል በልም ዳይኖሰሮች ቅሪት መገኘቱ እውነት ነው፤ ታትሟልም። ግን የታተመው በዋናነት ጥርስ ነው፤ ያውም የተበተነ ጥርስ። ከጥርስ ስለ አመጋገብና ስለ ዝርያ ዝምድና ብዙ ማውጣት ይቻላል፤ ስለ አናት መስኮትና ስለ ዓይን ጉድጓድ ግን ምንም አይነግረንም። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙት ከሆነ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ቢጀምሩ ጥሩ ነው፤ ተማሪዎች ለቤት ሥራ እየገለበጧት እንደሆነ አይቻለሁ።